የሠንጠረዡ ዝምታ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። ይህን ብሂል እንደ ማንኛውም ሰው ስሰማውና ስደግመው ኖሬያለሁ። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ግን ጠብቆ የሚያውለው ሰው ሲኖር ብቻ መሆኑን የተረዳሁት በ2017 ዓ.ም.፣ የአንድ ሟች ገጣሚን ሥራዎች ስፈልግ ነው። ስለ ገጣሚ ሳወራ እንደ ወትሮው በግጥም ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ሠንጠረዥ ነው፤ ዓምድና ረድፍ ስላለው፣ ሒሳብ ሹሙም የመዝገብ ቤት ሠራተኛውም በየቢሮው ስለሚገለገልበት የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ። አንባብያን ሆይ፣ «ይኼ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ገጹን አትዝጉብኝ። ታሪኩ ሩቅ አገር ዞሮ ከገዛ ብራናችን ደጅ ይመልሰናል።

ሟቹ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የኖሩ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ቤተሰባቸው ከወሬ ርቆ መኖርን የመረጠ ስለሆነ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ግጥሞቻቸውን ወደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ ይልኩ ነበር፤ ከገጹ አሰናጆች አንዱ እኔ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ለሙት ዓመታቸው ግጥሞቻቸውን በአንዲት ትንሽ መድበል ሰብስቤ እንደማሳትም ለታላቅ እህታቸው ቃል ገባሁ።

ቃል መግባቱ ቀላል ነበር። በገጹ የመረጃ ቋት ውስጥ ግን ከሦስት ሺህ በላይ ጽሑፎች ተከማችተዋል፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማንበብ የወራት ሥራ ነው። ስለዚህ አቋራጭ መረጥኩ። ገጹን የሚያስተዳድረው ሥርዓት የጽሑፎቹን ዝርዝር፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ ርእሱን፣ የደራሲውን ስምና ግጥሙ የተጻፈበትን ቀን፣ በነጠላ ሰረዝ እየለየ በአንድ አድራሻ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩት። ከዚያም በጉግል ሠንጠረዥ የመጀመሪያዋ ሴል ውስጥ ኢምፖርት ዳታ የሚባለውን ቀመር ጻፍኩ፤ ዝርዝሩ ሁሉ እንደ ጎርፍ ወርዶ ሠንጠረዡን ሞላው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ኩዌሪ በሚባለው ቀመር ጠየቅሁ፦ ደራሲው እኚህ ሰው የሆኑትን፣ ቀናቸው ከዕረፍታቸው በፊት የሆነውን ምረጥ፤ በቀን ቅደም ተከተል ደርድር። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሃያ ሦስት ግጥሞች ተሰልፈው ቆሙ።

ዝርዝሩን አትሜ ለእህታቸው ላክሁ። በሳምንቱ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ የእናታችን ግጥም የታለ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በዝርዝሩ ላይ አልወጣም። ምናልባት ለእኛ አልላኩልን ይሆናል» አልኩ።

«እንዴት አልላከም? ኢንተርኔት ቤት ድረስ አብሬው ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ነው የላከው። እናታችን ባረፈች በዓመቷ፣ ጥቅምት ሠላሳ ቀን።»

ወደ ቋቱ ተመልሼ በእጄ ፈለግሁ። ግጥሙ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነበር። አልጠፋም፣ አልተሰረዘም፣ አልተበላሸም። ሠንጠረዡ ብቻ አላመጣልኝም። ደግሜ ሳስበው ያሳፈረኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ሠንጠረዡ «የለም» አላለኝም። ዝም ነው ያለኝ። ዝምታውን «የለም» ብዬ ተርጉሜ ለአንዲት ሐዘንተኛ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጠያቂ ሠንጠረዥ ከየት መጣ፣ ምን ይሰማል፣ ምንስ አይሰማም የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያገኘሁትን እነሆ።

* * *

የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ የተወለደው ከጥቁር ሰሌዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዳን ብሪክሊን የሚባል ወጣት በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ዘርግቶ ያስተምራል፤ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ ተሰርዘው እንደገና መጻፍ አለባቸው። ብሪክሊን አንዱ ሲነካ ሌሎቹ በራሳቸው የሚታረሙበትን ሰሌዳ አለመ። ጓደኛው ቦብ ፍራንክስተን ሕልሙን ወደ ፕሮግራም ለወጠውና እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ በሚል ስም ለአፕል ሁለት ኮምፒዩተር ቀረበ። 63 ዓምዶችና 254 ረድፎች ነበሩት። ሁለቱ ሰዎች በፈጠራቸው ላይ የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም፤ ስለዚህ ተከታዮቹ መንገዱን ክፍት አገኙት። ሚች ኬፖር ያቋቋመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ሎተስ 1-2-3ን አወጣ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኤክሴልን እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ አቀረበ።

እዚህ ላይ የሎተስን ስም ልብ በሉልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ሒሳብ ነው፤ ሁለቱ ሥዕላዊ መግለጫ ነው፤ ሦስተኛው ከተከማቸ ዝርዝር ውስጥ የሚፈልጉትን ጠይቆ ማውጣት ነው። ለማስላት የተወለደው ሠንጠረዥ በአራት ዓመት ዕድሜው መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው።

የመጠየቅ ጥበብ ግን የራሱ የተለየ የዘር ሐረግ አለው። ኤድጋር ኮድ የሚባል በአይቢኤም የሚሠራ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቀረበ። መረጃ ፈላጊው ሰው መረጃው በማሽኑ ሆድ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት ማወቅ አይገባውም፤ ሁሉ ነገር በዓምድና በረድፍ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር፤ ፈልጎ ማምጣቱ የማሽኑ ፋንታ ይሁን አለ። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ሐሳብ ለሰው አንደበት የቀረበ የመጠየቂያ ቋንቋ አበጁለት። ሲክዌል አሉት፤ ስሙ በሌላ ኩባንያ ተይዞ ስለነበረ በኋላ ኤስኪውኤል ተባለ። ቦይስ ሥራው ለዓለም በቀረበበት በዚያው ዓመት በወጣትነቱ ሞተ። የቋንቋው ሰዋስው እስከ ዛሬ ያው ነው፦ ይህን ምረጥ፤ ከዚህ መዝገብ፤ እንዲህ የሆነውን፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ሦስተኛው ዘር የድረ ገጽ ሥርዓት ነው። በኢንተርኔት መባቻ እያንዳንዱ ገጽ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ጽሑፉም መልኩም በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ድሩፓል፣ በ2003 ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የጀመሩት ዎርድፕረስ ብቅ ሲሉ ጽሑፍና መልክ ተለያዩ። አሁን በድረ ገጽ ላይ የምናነባት ግጥም በእውነቱ «ገጽ» አይደለችም። በመረጃ ቋት ውስጥ የምትኖር አንዲት ረድፍ ናት፤ መለያ ቁጥሯ በአንድ ዓምድ፣ ርእሷ በሌላ፣ ስንኞቿ በሌላ፣ ቀኗ በሌላ። አንባቢ ሲመጣ ሥርዓቱ ረድፏን ጠርቶ፣ ልብስ አልብሶ በመድረክ ላይ ያቆማታል፤ አንባቢ ሲሄድ ወደ ረድፏ ትመለሳለች። እኛ ገጣምያን ነን ባዮች ሁላችን፣ አወቅነውም አላወቅነውም፣ በሠንጠረዥ ውስጥ ነው የምንኖረው።

ሦስቱ ዘሮች የተገናኙት እንግዲህ በአንዲት ሴል ውስጥ ነው። ጉግል ሠንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ሲከፍት ሠንጠረዡ ከሰው ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ወደ መረብ ገባ። በዚያም ከድረ ገጽ የሚቀዱ ቀመሮች መጡለት፦ ኢምፖርት ዳታ በነጠላ ሰረዝ የተለየ ዝርዝርን፣ ኢምፖርት ፊድ የድረ ገጽ አዳዲስ ጽሑፎችን ዜና፣ ኢምፖርት ኤክስኤምኤል ከገጹ መዋቅር ውስጥ የተመረጠን ክፍል ያመጣሉ። ኩዌሪ ደግሞ ከኤስኪውኤል ጋር የሥጋ ዘመድ በሆነ ቋንቋ ይጠይቃል። ኤክሴልም በ2013 እትሙ ከድረ ገጽ አድራሻ መልስ የሚያመጣ ቀመር ጨመረ። በዎርድፕረስ በኩል ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሥርዓቱ ይዘቱን ለሌሎች ፕሮግራሞች በተሰናዳ መልክ የሚያቀብልበት በር የሥርዓቱ አካል ሆነ። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ እንደ እኔ ያለ ሰው በአንዲት መስመር የዐሥራ ስምንት ዓመት ቋትን መጠየቅ የቻለው በዚህ ሁሉ ሰው ድካም ነው። ውለታቸውን አልክድም።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? እኔ ግን ተናግሬም ቀረብኝ። ለምን?

* * *

የመጀመሪያው ምክንያት ፊደላችን ነው።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የየኩባንያው የፊደል ገበታ የየራሱ ቁጥር ስለነበረው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም ነበር፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል ለዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አገኘ። ሀ 4608 ነው፤ ሐ 4624፤ ኀ 4736። ሠ 4640 ሲሆን ሰ 4656 ነው። ጸ 4920፣ ፀ 4928። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለማሽኑ እንደ ሀ እና እንደ መ የተራራቁ ናቸው። ማሽኑ ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያስተያየው።

የገጣሚውን ስም ላለመግለጥ ሌላ የተለመደ ስም ልውሰድ፦ ኃይለ ሥላሴ። የመጀመሪያዋን ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፣ በስድስት መንገድ የሚጽፍ አለ። ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ፤ ይህ አራት መንገድ ነው። ስሙን በአንድ ላይ ወይም ለያይቶ መጻፍ ሁለት። ስድስት በአራት በሁለት ሲባዛ 48 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ! በሁለት ነጥብ የሚለያዩትን ከጨመርን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ገጣሚያችን እንደ ጥንቱ ሥርዓት ስማቸውን ጠንቅቀው ይጽፉ ነበር። በየዘመኑ የተቀያየርነው አሰናጆች ግን እንደ እጃችን ልማድ ጻፍነው። ቀመሬ ከብዙዎቹ አጻጻፎች አንዱን ብቻ ጠየቀ፤ በዚያ አጻጻፍ የተመዘገቡትን ብቻ አመጣ። ዐሥራ አንድ ግጥሞች በፊደል መለዋወጥ፣ አራት ደግሞ በሁለት ነጥብና በመጋጠም ምክንያት ቀሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ቀን ነው። መምህሩ ግጥም የጻፉበትን ቀን በራሳችን አቆጣጠር፣ ቀንን አስቀድመው ወርን አስከትለው ያኖሩ ነበር፤ ጥር 12 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን 12/5/1999 ብለው። ሠንጠረዡ ይህን ሲያይ በፈረንጅ አቆጣጠር የሜይ ወር 12ኛ ቀን አድርጎ አነበበው። ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ስላላዛባብኝ ችላ አልኩት። ጥቅምት 30 ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለየ። 30/2/1999። ሁለተኛው ወር ለማሽኑ ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን ኖሮት አያውቅም። ማሽኑ «ይህ ቀን አይደለም» ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ኩዌሪ ደግሞ በአንድ ዓምድ ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ነገር ተቀላቅሎ ሲያገኝ የሚበዛውን ዓይነት ይይዝና ቀሪውን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል። ባዶ ቀን «ከዕረፍታቸው በፊት» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ስለዚህ በጥቅምት 29 እና 30 የተጻፉ ሦስት ግጥሞች ከሰልፉ ወጡ፤ ከእነዚህ አንዱ የእናታቸው ግጥም ነበር። የዐሥራ ሦስተኛዋን ወር የጳጉሜን ነገርማ አታንሡብኝ።

የሚገርመው፣ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ያልነበረን ቀን ተቀብለው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ሎተስ 1-2-3 እ.ኤ.አ. 1900ን ሠግር ዓመት አድርጎ ቆጠረ፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል፣ በምድር ላይ ውሎ የማያውቅ ቀን ተፈጠረ። ኤክሴል ከሎተስ ፋይሎች ጋር ለመግባባት ሲል ስሕተቱን ዐውቆ ወረሰው፤ እስከ ዛሬም ይዞታል። ያልኖረ ቀን በክብር ተመዝግቦ ሳለ፣ አንዲት እናት የተለቀሰችበት እውነተኛ ቀን «ቀን አይደለም» ተባለ።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ በጓዳ ባለቀ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ መካከል በእንግሊዝ አገር የሆነውን አስቡ። የምርመራ ውጤቶች ወደ ማእከላዊ መዝገብ ሲተላለፉ በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ውስጥ ያልፉ ነበር፤ ያ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። ከዚያ የተረፈው ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት 15,841 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ሆኑ፤ ከእነርሱ ጋር የተነካኩትን ፈልጎ የማስጠንቀቁም ሥራ ዘገየ። እዚያም ሠንጠረዡ «ሞልቻለሁ፣ የቀሩ አሉ» ብሎ አልጮኸም። የቀሩትን ሳያነሣ የያዘውን አሳየ፤ የተመለከቱትም ሙሉ መሰላቸው።

* * *

ታዲያ ምን ይሻላል? የመጀመሪያ ሐሳቤ ችኩል ነበር። በቋቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ስሙንም ግጥሙንም፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ልለውጠው አሰብኩ። ሐ እና ኀ ሁሉ ሀ ይሁኑ፤ ሠ ሁሉ ሰ፤ ዐ ሁሉ አ፤ ፀ ሁሉ ጸ። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። እጄ ከቁልፉ ላይ ሳለ ግን ከመምህሩ ግጥሞች አንዱ ዓይኔን ያዘው፤ በሁለት ግሦች ላይ የተሠራ ግጥም ነበር። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ፣ ጠየቀ ነው፤ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው። ሰረቀ ሌባው ነው፤ ሠረቀ ፀሐይዋ ናት። የግጥሙ ወርቅ ያለው በፊደሉ ልዩነት ውስጥ ነው። ላገኘው ብዬ ብለውጠው፣ አገኘሁት በምልበት ቅጽበት እገድለዋለሁ።

እጄን አነሣሁ። መንገዱን ያሳየኝም ከቪዚካልክ በ16 መቶ ዓመታት ግድም የሚቀድም ሠንጠረዥ ነው።

በእስክንድርያ አሞንዮስ የሚባል ሰው አራቱን ወንጌላት ለማነጻጸር ፈለገ። ማቴዎስን መሠረት አድርጎ፣ ከማርቆስ፣ ከሉቃስና ከዮሐንስ ተመሳሳዩን ክፍል እየቆረጠ ከጎኑ አስቀመጠ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም የቂሣርያው አውሳብዮስ ይህን ሥራ ተመለከተ፤ ደክሞበታልና አመሰገነው፤ ግን ለካርፕያኖስ በጻፈው ደብዳቤ አንድ ጉድለት ጠቆመ። ለማነጻጸር ሲባል የሦስቱ ወንጌላት የንባብ ፈሳሽ ተቆራርጧል። አውሳብዮስ ስለዚህ ሌላ መላ ፈጠረ። ጽሑፉን አልነካም። እያንዳንዱን ወንጌል በክፍል በክፍል ቆጠረ፤ ማቴዎስን 355፣ ማርቆስን 233፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 አድርጎ። ቁጥሩን በኅዳጉ ላይ አኖረ፤ በቁጥሩም ሥር ክፍሉ ከዐሥሩ ሠንጠረዦች በየትኛው እንደሚገኝ በቀይ ቀለም አመለከተ። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም የሚገናኙበት ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለት ሁለት፤ ዐሥረኛው እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረው።

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ረድፍ ፰፣ ፪፣ ፯፣ ፲ ነው። የማቴዎስን ስምንተኛ፣ የማርቆስን ሁለተኛ፣ የሉቃስን ሰባተኛ፣ የዮሐንስን ዐሥረኛ ክፍል ግለጡ፤ አራቱም ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ስብከት ሲናገሩ ታገኟቸዋላችሁ። መለያ ቁጥር፣ ዓምድ፣ ረድፍ፣ በሌላ ቦታ ወደሚኖር ጽሑፍ የሚያሻግር ምልክት፤ ዛሬ ከሥርዓቱ ጋር በቀመር የምናደርገው ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ልዩነቱ ፈላጊው ጣት እንጂ ማሽን አለመሆኑ ነው።

እነዚህ ሠንጠረዦች ወደ እኛ አገር ገብተው በግዕዝ ቁጥር ተጻፉ። በዐድዋ አቅራቢያ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት፣ በካርበን ምርመራ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ ሰባተኛው አጋማሽ ባለው ዘመን ውስጥ እንደተዘጋጁ የተገመቱት፣ እነዚህን ሠንጠረዦች በቀስትና በዓምድ ሥዕል አስጊጠው ይዘዋል። ሠንጠረዥን የሚያህል ደረቅ ነገር፣ ቁጥር ብቻ የተደረደረበትን ገጽ፣ እንደ ቤተ መንግሥት በር ያሸበረቁት ለምን እንደሆነ ቀድሞ አይገባኝም ነበር። አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ሠንጠረዡ በር ነው፤ ቤቱ ከበሩ በስተጀርባ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ቤቱን ሁሉ ያየ እንዳይመስለው፣ በሩ በር መምሰል አለበት።

ፎርሙላ ለሚለው ቃል የመረጥነው «ቀመር» ራሱ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 19 ዓመቱን ንዑስ ቀመር፣ 532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ይሉታል። በዐቢዩ ቀመር ፀሐይና ጨረቃ፣ ዕለትና በዓል ዞረው ከተነሡበት ይገጥማሉ፤ ሊቃውንቱ ግን የትኛው አቆጣጠር ከየት እንደሚነሣ ሳይስማሙ መቁጠር አይጀምሩም። እኔ ሳልስማማ ነው የጠየቅሁት።

* * *

እንደ አውሳብዮስ አደረግሁ። ግጥሞቹን አንዲት ፊደል አልነካሁም። በሠንጠረዡ ኅዳግ ላይ አዲስ ዓምድ ከፈትኩ፤ ሰብስቲትዩት በሚባለው የመተኪያ ቀመር የደራሲውን ስም ቅጂ ብቻ ወስጄ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መለስኩ፤ ሁለት ነጥቡንና ክፍተቱን አነሣሁ። ጥያቄው የሚቀርበው ለቅጂው ነው፤ የሚመጣው ግን በመለያ ቁጥሩ አማካይነት ዋናው ነው። ቀኑንም በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሦስቱም ተራ ቁጥር። አሁን ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጳጉሜም ዐሥራ ሦስተኛ ሆና በወግ ትቆማለች። በመጨረሻም ከሁሉ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። የመጡትን ብቻ ሳይሆን ያልመጡትን የሚቆጥር ቀመር ጻፍኩ፤ ስንት ረድፍ ስም የለውም፣ ስንቱ ቀን የለውም፣ ስንቱ ከማንም ጋር አልተዛመደም እያለ የሚጠይቅ።

ሃያ ሦስቱ ግጥሞች አርባ አንድ ሆኑ።

መድበሉ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። እህታቸው በእጃቸው ይዘው ገጹን አንድ በአንድ ገለጡና የእናታቸው ግጥም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸውን ከግርጌው ላይ አሳረፉ፤ እዚያ «ጥቅምት 30 ቀን 1999 ዓ.ም.» ተብሎ ታትሟል።

«ቀኗንም አልረሳሃት» አሉኝ።

ረስቼያት እንደነበር አልነገርኳቸውም። እነሆ፣ ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

ዛሬ የምንጽፈው ሁሉ በአንድ ቋት ውስጥ ረድፍ ሆኖ ያድራል። ነገ የሚፈልገን ሰው በራፋችን ላይ አያንኳኳም፤ በአንዲት ሴል ውስጥ አንዲት መስመር ጽፎ ይጠይቃል። በጠየቀበት ፊደል ካልተጻፍን፣ በሚያውቀው አቆጣጠር ቀናችን ካልተነበበ፣ ሠንጠረዡ ስለ እኛ ዝም ይላል። ስለዚህ እናንት መዝገብ ጠባቂዎች፣ አሰናጆች፣ የግጥም ወዳጆች፣ ለሰው ሁሉ ፊደሉን ተዉለት፤ በኅዳጉ ላይ ግን ቁጥር ስጡት። ሠንጠረዥም ባዶ እጁን ሲመልሳችሁ፣ «የለም» ብላችሁ ለሐዘንተኛ ከመንገራችሁ በፊት፣ ጥያቄያችሁን እንደገና ጠይቁት።

ቸር ያቆየን።